ስለ ትምባሆ ጭስና በማኅፀን ስላለው ሕፃን ጉበት

በጽሕፈት ሥራ የኖረ ሰው ለአሮጌ መዝገብ ያለው አክብሮት ለሌላው ሰው እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ዛሬ ከንቱ መስሎ በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚለብሰው መዝገብ፥ ከ50 ወይም ከ70 ዓመት በኋላ ያልታሰበ ጕዳይ ሲነሣ ብቻውን ቆሞ ይመሰክራል። ስለ ሕፃናት ጤና ዛሬ ከሚታወቀው ነገር አንዱ ትልቅ ክፍል የተገኘው እንዲህ ካለ አሮጌ መዝገብ ስለ ሆነ፥ ነገራችንን ከዚያ እንጀምራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዘመናት በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

በእንግሊዝ አገር ከሎንዶን በስተ ሰሜን ሃርትፈርድሺር የሚባል አውራጃ አለ። በዚህ አውራጃ ወይዘሪት ማርጋሬት በርንሳይድ የአዋላጆች ተቈጣጣሪና ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናትን የሚጐበኙ ጤና ጠባቂዎች አለቃ ሆነው ተሾመው ነበር። እኒህም ወይዘሪት ሥራ ወዳድ ነበሩና፥ ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ በአውራጃው የሚወለደው ሕፃን በተወለደ ጊዜ በአዋላጂቱ እጅ እንዲመዘን፥ ከዚያም በኋላ ጤና ጠባቂዋ እየተመላለሰች እንድትጐበኘው፥ አንድ ዓመት ሲሞላውም ዳግመኛ እንዲመዘን ሥርዓት አደረጉ። በመዝገቡም ላይ ክብደቱ፥ የእናቱን ጡት ጠብቶ እንደ ሆነ ወይም በጡጦ አድጎ እንደ ሆነ፥ ያገኘው ሕማምና ያበቀለው ጥርስ ሳይቀር ይጻፍ ነበር። ይህን የጻፉት ሴቶች ያሰቡት ስለዚያ ዓመት ሕፃን ብቻ ነበር፤ ሕፃኑ ሸምግሎ ስለሚሞትበት በሽታ አንዲት ቃል እንደ ጻፉ አላወቁም።

ከብዙ ዘመን በኋላ በሳውዝሃምፕተን የነበሩት ሐኪም ዴቪድ ባርከርና ባልደረቦቻቸው ይህን መዝገብ አገኙት። ከ1911 እስከ 1930 ዓ.ም. የተወለዱትን ከ5,000 የሚበልጡ ወንዶች ስም አንድ በአንድ እየተከተሉ ማን በሕይወት እንዳለ፥ ማንስ በምን በሽታ እንደ ሞተ መረመሩ። በ1989 ዓ.ም. ያወጡት ቃል በሐኪሞች ዘንድ ትልቅ ክርክር አስነሣ። አንድ ዓመት በሞላቸው ጊዜ ክብደታቸው ከሁሉ ያነሰው ሕፃናት፥ በጕልማስነትና በሽምግልና ጊዜ በልብ ደም ሥር መዘጋት ከሌሎቹ ይልቅ አብዝተው ሞተው ተገኙ። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው መዝገብ 64 ዓመት ያህል የሆናቸውን ወንዶች ስኳር አጠጥተው ደማቸውን በመረመሩ ጊዜ፥ ሲወለዱ ክብደታቸው አነስተኛ የነበረው ሰዎች ስኳሩን በደኅና ለማስተናገድ የማይችሉ ሆነው ተገኙ። ስኳርን ከደም እየተቀበለ የሚያከማችና በጊዜው መልሶ የሚያወጣው ዋናው የሰውነት ክፍል ጉበት መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለዚህም ሊቃውንቱ አንድ አዲስ ጥያቄ ጠየቁ። ሰው በማኅፀን ሳለ የደረሰበት ነገር በ50 ዓመቱ የሚገለጥ ከሆነ፥ በማኅፀን ሳለ የሚደርስበት ነገር ምን ምን ነው? ረኀብ አንዱ ነው፤ የእናት ሕማም ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ግን ማንም ሳያስገድድ በገንዘብ ተገዝቶ ወደ ቤት የሚገባው ትምባሆ ነው።

ትምባሆ በፅንስ ላይ ጕዳት እንዲያደርስ አስቀድሞ በግልጥ የታየው በሕፃኑ ክብደት ነው። በ1957 ዓ.ም. ሲምፕሰን የሚባሉ ሊቅ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በሳን በርናርዲኖ አውራጃ ያሉትን የወሊድ መዝገቦች መርምረው፥ የሚያጨሱ እናቶች ያለ ቀኑ የሚወለድ ሕፃን የሚወልዱት ከማያጨሱት እጥፍ ያህል መሆኑን ገለጡ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር በተደረገው ምርመራ፥ የምታጨስ እናት ሕፃን ከማታጨሰው ሕፃን በአማካይ 200 ግራም ያህል ቀንሶ እንደሚወለድ ተረጋግጧል። 200 ግራም ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም፤ 3 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ግን ከ15 እጅ አንድ እጅ ነው።

ድሮ ሐኪሞች የእንግዴ ልጅ የጸና ግንብ ነው፥ ክፉውን ከልክሎ ደጉን ብቻ ያሳልፋል ብለው ያምኑ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ታሊዶማይድ የሚባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ብዙ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጐድሎ እንዲወለዱ ማድረጉ በታወቀ ጊዜ ይህ እምነት ፈረሰ። ግንቡ ወንፊት ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ጉበት እንምጣ። እኛ ጉበትን ይልቁንም የምናውቀው በዱለት ነው፤ ስለ ራሳችን ጉበት የምናስበው ዓይናችን ቢጫ ሆኖ የወፍ በሽታ ያዘህ ሲሉን ብቻ ነው። ነገር ግን በሰውነት ውስጥ የጉበት ሹመት እንደ እልፍኝ አስከልካይ ነው። ከሆድና ከአንጀት የሚመጣው ምግብ አብዛኛው ወደ ሌላው ሰውነት ከመግባቱ አስቀድሞ በእርሱ ደጅ ያልፋል፤ እርሱም የሚገባውን ያስገባል፥ መርዙን ይሰብራል፥ የተረፈውን ያከማቻል። ትልቅ ሰው ሲጃራ ሲያጨስ ግን ጭሱ በሳንባ በኩል ስለሚገባ እልፍኝ አስከልካዩን በመጀመሪያ አያገኘውም፤ ደሙ ከዞረ በኋላ ይደርሰዋል እንጂ።

በማኅፀን ያለው ሕፃን ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ሕፃኑ በሳንባው አይተነፍስም፥ በአፉም አይበላም። የሚያስፈልገው ሁሉ ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ተጣርቶ በእትብት ደም ሥር ይመጣል። ይህም ደም ሥር ወደ ሕፃኑ ሆድ እንደ ገባ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው። ከሚመጣው ደም ከ10 እጅ 7 ወይም 8 እጅ ያህሉ በጉበት ውስጥ ያልፋል፤ የቀረው ብቻ በአቋራጭ ቧንቧ ወደ ልብ ይሄዳል። እንግዲህ እናቲቱ ወደ ሳንባዋ የሳበችውና ግንቡን ያለፈው ነገር ሁሉ በሕፃኑ ዘንድ አስቀድሞ የሚደርሰው በጉበቱ ደጅ ነው።

እልፍኝ አስከልካዩ ግን ራሱ ገና ሕፃን ነው። መርዝ የሚሰብርባቸው መሣሪያዎች ጥቂቶች ናቸው። ደግሞም በዚያ ጊዜ ሌላ ከባድ ሥራ ተጭኖበታል፤ የአጥንት መቅኔ ሥራውን እስኪረከበው ድረስ በእርግዝናው መካከለኛ ወራት የሕፃኑን ደም የሚሠራው ጉበት ነውና። በአንድ ጊዜ በረኛም ሠራተኛም የሆነ አገልጋይ ላይ ጭስ ይደርስበታል።

የሚደርስበትስ ምንድር ነው? በትምባሆ ጭስ ውስጥ ወደ 7,000 የሚጠጉ ልዩ ልዩ ቅመሞች እንዳሉ ተቈጥሯል። ከእነዚህ አንዱ ኒኮቲን ነው፤ በእንግዴ ልጅ በኩል ያለ ከልካይ ያልፋል፥ በሕፃኑም ዘንድ ከእናቱ ደም ይልቅ በርከት ብሎ ይገኛል። ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታ የሌለው መርዛም አየር ነው፤ በደም ውስጥ አየር የሚሸከመውን ቀይ ነገር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው የኦክሲጅንን መቀመጫ ይነጥቃል፤ ስለዚህ ሕፃኑ በእናቱ ሆድ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ሦስተኛው ካድሚየም የሚባል ብረት ነው፤ በእንግዴ ልጅ ውስጥ እየተከማቸ መንገዱን ያበላሻል። የቀሩትን መዘርዘር አንባቢን ማድከም ነው።

ሊቃውንት ይህን በሰው ፅንስ ላይ ሊፈትኑት አይችሉም፤ ማንም ሕሊና ያለው ሰው ነፍሰ ጡርን አጭሺ ብሎ ውጤቱን ሊጠብቅ አይገባውምና። ስለዚህ በስኮትላንድ የኤዲንብራና የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሌላ መንገድ ፈለጉ። ገና ምን እንደሚሆን ካልተወሰነ የሰው ሕዋስ የፅንስ ጉበትን የመሰለ ሥጋ በብርጭቆ ውስጥ አብቅለው፥ በትምባሆ ጭስ የሚገኙትን ቅመሞች ጨመሩበት። በ2017 ዓ.ም. ባወጡት ቃል፥ ቅመሞቹ ተቀላቅለው ሲጨመሩ የሚያደርሱት ጕዳት እያንዳንዱ ለብቻው ከሚያደርሰው የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። የሚያስደንቀው ግን በወንድና በሴት መካከል ልዩነት መታየቱ ነው፤ ከወንድ ሕዋስ የበቀለው ጠባሳ ወደ ማውጣት ያዘነበለ ሲሆን፥ ከሴት የበቀለው ይልቁንም ምግብን ወደ ኀይል የሚለውጥበት ሥራ ተበላሸበት።

በካናዳ በኦንታሪዮ ያሉ ሊቃውንት ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይጦች ኒኮቲን ብቻ ሰጧቸው። በ2014 ዓ.ም. እንደ ጻፉት፥ ከእነዚህ የተወለዱት ወንድ አይጦች ባደጉ ጊዜ ጉበታቸውና ደማቸው ስብ አብዝቶ ተገኘ፤ በጉበታቸው ውስጥ ስብ የሚሠራው መሣሪያ ከመጠን በላይ ይሠራ ነበር። አይጦቹ ራሳቸው በሕይወታቸው ሲጃራ አላዩም።

ስብ የያዘው ጉበት የምንለው በሽታ ምን እንደ ሆነ እዚህ ላይ መግለጥ ይገባል፤ ብዙ ሰው ጉበት የሚታመመው በመጠጥ ወይም በተላላፊ በሽታ ብቻ ይመስለዋልና። በሀገራችን ጉበትን ከሚጐዱት ሁሉ ዋነኛው በዓይን የማይታየው የሄፓታይተስ ተሐዋሲ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አረቄ ቀምሶ የማያውቅ ሰው፥ ሕፃንም እንኳ ቢሆን፥ ጉበቱ ስብ ሊይዝ ይችላል። የጉበት ሕዋሳት ስኳርንና ስብን ከሚያስተናግዱት በላይ ሲቀበሉ፥ የተረፈውን እንደ ጎተራ በውስጣቸው ያጭቁታል። ይህ በመጀመሪያ አያሳምምም፥ አያቃጥልም፥ ዓይንንም ቢጫ አያደርግም። በአንዳንዱ ሰው ዘንድ ግን ስቡ እብጠትን፥ እብጠቱም ጠባሳን ያመጣል፤ ጠባሳውም በዓመታት ሲበዛ ጉበት ደርቆና ተጨማትሮ ሥራውን ይተዋል። በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ ከ1993 እስከ 2003 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ምክንያት የሞቱ ከ2 እስከ 19 ዓመት ያሉ 742 ልጆች አስከሬን ሲመረመር፥ ከ10 ልጆች የአንዱ ያህል ጉበት ስብ ይዞ ተገኝቷል።

ይህን ዝምታ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ሌላው የእንግሊዝ መዝገብ ነው። ሊቂቱ ጂን ጎልዲንግ በብሪስቶል ከተማና በአካባቢዋ ከሚያዝያ 1991 እስከ ታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ይወልዳሉ ተብለው የታሰቡትን ሴቶች ጠርተው፥ 14,541 እርግዝናዎችን አስመዘገቡ። እናቲቱ ምን እንደምትበላ፥ ታጨስ እንደ ሆነ፥ ባሏም ያጨስ እንደ ሆነ ተጠየቀ፤ ልጆቹም ከተወለዱ ጀምሮ እየተጠሩ ተመረመሩ። 24 ዓመት በሆናቸው ጊዜ ወደ 4,000 የሚሆኑት ጉበታቸው በልዩ መሣሪያ ታየ። በ2020 ዓ.ም. እንደ ተጻፈው ከ5 ወጣቶች የአንዱ ያህል ጉበት ስብ ይዟል፤ ከ100 ወደ 3 የሚጠጉትም ጠባሳ ጀምሯቸዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ጤነኞች ነን ብለው የሚኖሩ ናቸው። ይህ ሁሉ ከትምባሆ የመጣ ነው አልልም፤ ውፍረት ዋናው ምክንያት ነውና። ነገር ግን የውፍረትም ነገር ቢሆን ከማኅፀን ጋራ ግንኙነት አለው። በ2008 ዓ.ም. ከ14 ምርመራዎች ተሰብስቦ በተመዘነው ነገር፥ በእርግዝና ጊዜ ያጨሱ እናቶች ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ትንሽ ሆኖ የተወለደ ሕፃን የጐደለበትን ለመሙላት ይቸኵላል፤ ያ ቸኰላ በኋላ ሆዱንና ጉበቱን ይከተለዋል።

ጭሱ ይህን ያህል ዘመን የሚቈይ ምልክት እንዴት ይተዋል? መጽሐፍ የጻፈ ሰው ምሳሌው ይገባዋል። ሕፃኑ ከአባትና ከእናቱ የወረሰው ጽሑፍ ፊደሉ አይለወጥም፤ ነገር ግን ጭሱ በኅዳጉ ላይ ምልክት ያደርግበታል፤ አንባቢውም ምልክቱን አይቶ አንዱን ቃል ዝቅ አድርጎ፥ ሌላውን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። በ2012 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር የሕፃናት የእትብት ደም ሲመረመር እናታቸው ያጨሰች ሕፃናት እንዲህ ያለ ምልክት ታየባቸው። ከምልክቶቹም አንዱ የተገኘው ሰውነት የጭስን መርዝ በሚሰብርበት ሥራ ላይ በሚያዝ ቃል አጠገብ ነው። የብሪስቶል ልጆች 17 ዓመት ሲሆናቸው ደማቸው ቢመረመር አንዳንዱ ምልክት እስከዚያ ድረስ አልጠፋም ነበር።

በችሎት እንደሚታወቀው ምስክር ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንባቢም ይህን ጕዳይ ሲመዝን እንዲጠነቀቅ እንወዳለን። ስለ ሕፃኑ ክብደት የቀረበው ምስክር ሊነቀፍ የማይችል ነው። ስለ ጉበቱ ግን ነገሩ እንዲህ ነው፤ አይጡና በብርጭቆ የበቀለው ሥጋ ድርጊቱን አይተዋል፥ ነገር ግን ሰው አይደሉም፤ መዝገቡ የሰው ነው፥ ነገር ግን ድርጊቱን አላየም፤ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ያውቃል። በመነሻና በመድረሻ መካከል ድህነት፥ የምግብ ዓይነት፥ መጠጥና ሌላም ብዙ ነገር አለ። ስለዚህ ጥንቁቆቹ ሊቃውንት የእናትን ማጨስ ከአባት ማጨስ ጋራ ያስተያያሉ፤ ሁለቱም በአንድ ቤት፥ በአንድ ድህነት ወይም ባለጠግነት የሚኖሩ ናቸውና፥ የእናቲቱ ብቻ ልጁን ከጐዳው ጕዳቱ በማኅፀን በኩል እንደ መጣ ይገመታል። የሁለቱ ወገን ምስክሮች ቃል ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከቱ ግን ቀላል ነገር አይደለም። በእኔ አስተያየት ለፍርድ ያልበቃ ቢሆን፥ ለጥንቃቄ ግን ከበቃ ቈይቷል። ቤቱ ሲቃጠል ማን እንደ ለኰሰው እስኪታወቅ ውሃ አላፈስስም የሚል የለም።

አሁን ነገሩ ወደ እኛ ቤት ይግባ። በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ትምባሆ ያጨሳሉ ተብለው የተቈጠሩት ከ100 ሴቶች አንዲት፥ ከ100 ወንዶች ግን 4 ያህል ናቸው። በአንዳንድ አውራጃ ሴቶች ጋያ ያጨሳሉ፤ በከተማም ሺሻ የሚሉት ገብቷል። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ኒኮቲኑንና ካርቦን ሞኖክሳይዱን አያስቀረውም። ነገር ግን ከቍጥሩ እንደሚታየው በሀገራችን ነፍሰ ጡሪቱን ጭስ የሚያጠጣት አብዛኛውን ጊዜ የራሷ እጅ ሳይሆን የባሏ እጅ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በብዙ ቤት አለ። ጌታው ከሥራ ተመልሰው እራት ከበሉ በኋላ በወንበራቸው ተደላድለው ሲጃራ ይለኵሳሉ። ወይዘሮዋ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። «ጌታዬ፥ እባክዎ በረንዳው ላይ ቢያጨሱት ምናለ፤ ልቤን ያጥወለውለኛል» ትላለች። እርሳቸውም «መስኮቱ ተከፍቷል እኮ፤ ጭሱ ወደ ውጭ ይወጣል» ይሏታል። ጭሱ ግን ገሚሱ ቢወጣ ገሚሱ በመጋረጃው፥ በምንጣፉና በወይዘሮዋ ሳንባ ይቀራል። በፊንላንድ አገር በ1980 ዓ.ም. ልጆች ሳሉ የተመዘገቡ ሰዎች ከ31 ዓመት በኋላ ጉበታቸው ሲመረመር፥ በልጅነታቸው ወላጆቻቸው በአጠገባቸው ያጨሱባቸው ከሌሎቹ ይልቅ ስብ የያዘው ጉበት በዝቶ ተገኝቶባቸዋል። በልጅነትም በጕልምስናም የሌላ ሰው ጭስ የቀመሱት ዘንድ ደግሞ ይብሳል። እንግዲህ ጕዳቱ በወሊድ ቀን አያበቃም ማለት ነው።

በ2019 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር በ2011) የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 በመሥሪያ ቤትና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ በሲጃራውም ካርቶን ላይ በሥዕል የተገለጠ ማስጠንቀቂያ እንዲኖር አዟል። የግል እልፍኝ ግን የጌታው ነው፤ በዚያ ውስጥ አዋጁን የሚያስፈጽም ሌላ ሹም የለም። ምናልባት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይህን አዋጅ በትጋት የሚያስከብር ባለሥልጣን ማታ በቤቱ የሚተላለፈው ራሱ ይሆናል።

ስለምታጨሰው እናት ደግሞ አንድ ነገር ማለት ይገባል። ልጅሽን ገደልሽው እያሉ መውቀስ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ጥቅሙ ግን እናቲቱ ሲጃራዋን እንድትደብቅና ለሐኪሟ እንዳትናገር ማድረግ ብቻ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሴት ጉበት ኒኮቲንን ከወትሮው ፈጥኖ እንደሚያጠፋው ታውቋል፤ ስለዚህ በደሟ ያለው ቶሎ እየጐደለ ፍላጎቷ ይብሳል። ለመተው እየጣረች ያቃታት ሴት ፈቃደ ደካማ ናት ተብላ የምትፈረድባት ሳትሆን፥ ከሌላው ሰው ይልቅ የከበደ ትግል የያዘች ናት። ለእርስዋ የሚያስፈልጋት ሐኪም፥ የሚያበረታ ባልና ጭስ የሌለበት ቤት ነው።

የምታገኘውም ዋጋ ትልቅ ነው። በኒው ዚላንድና በአውስትራሊያ በተደረገው ምርመራ፥ በ2009 ዓ.ም. እንደ ተጻፈው፥ ከ15ኛው ሳምንት በፊት ማጨስን የተዉ እናቶች ያለ ቀኑ የሚወለድና ትንሽ ሆኖ የሚወለድ ሕፃን የወለዱት ፈጽሞ ካላጨሱት ጋራ በተመሳሳይ መጠን ነው። 15 ሳምንት ማለት አራተኛው ወር ሳይሞላ ነው። ብዙ ሴት መፀነሷን በእርግጥ የምታውቀው በሁለተኛው ወር ስለ ሆነ፥ ጊዜው ጠባብ ነው፤ ግን አለ። ያ ጊዜ ያለፈባትም ቢሆን ተስፋ አትቍረጥ፤ ሕፃኑ ክብደቱን አብዝቶ የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነውና፥ ከዚያ በፊት የተወችው ሲጃራ ሁሉ ለሕፃኑ ይቈጠርለታል። ቀላል ነው ወደሚባለው ሲጃራ መለወጥ ግን አይረዳም፤ የሚያጨሰው ሰው አጥብቆና አርዝሞ ይስበዋልና።

እናቱ ያጨሰች ልጅ አስቀድሞ ተወልዶ ያለ እንደ ሆነስ? ጉበት ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ራሱን በማደስ የታወቀ ነው፤ የያዘውም ስብ ጠባሳ ሳያወጣ ከተደረሰበት ይመለሳል። በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች ጉበት ሲመረመር፥ 6 ወር ሌላ ወተት ሳይጨመርላቸው የእናታቸውን ጡት የጠቡት ስብ የያዘው ጉበት አንሶባቸው ተገኝቷል። ልጁ ሲያድግ ጣፋጩን ለስላሳ መጠጥ ማሳነስ፥ ሮጦ እንዲጫወት መፍቀድ፥ ክብደቱን በየጊዜው መመዘን፥ ለሄፓታይተስ የሚሰጠውንም ክትባት ማስጨረስ ይገባል። ወፍራም ልጅ የጌታ ልጅ ነው የሚለውን አሮጌ ኩራት እኛ ዘንድ ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም፤ ሐኪሞች ግን አይቀበሉትም። ልጁ ከውፍረቱ በላይ የእናቱ ነገር የሚያጠራጥር ከሆነ፥ በደም ምርመራና በሆድ መርማሪ መሣሪያ ጉበቱን ማሳየት ብዙ አያደክምም። ለሐኪሙ ግን በእርግዝና ጊዜ በቤት ውስጥ ይጨስ እንደ ነበረ ሳይሸሽጉ መናገር ያስፈልጋል፤ ይህን ጥያቄ ሐኪሙ ሳይጠይቅ ሊያልፈው ይችላልና።

የብሪስቶል መዝገብ አልተዘጋም። በዚያ የተመዘገቡት ሕፃናት ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ሆነዋል፤ የእነርሱም ልጆች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው መዝገብ ላይ ይጻፋሉ። ሴት ልጅ በእናቷ ማኅፀን ሳለች፥ አንድ ቀን ልጆቿ የሚሆኑት ዕንቍላሎች ሁሉ አስቀድመው በውስጧ ተሠርተው ይገኛሉ። ስለዚህ ሊቃውንቱ የልጅ ልጆቹን ሲመረምሩ፥ ከ30 ዓመት በፊት አያቲቱ ስለ ሲጃራ ለተጠየቀችው ጥያቄ የሰጠችውን መልስ ከመዝገቡ አውጥተው በአጠገባቸው ያስቀምጡታል።